ገመድ ነቅሎ ማምለጥ የማይቻልበት የደሴ ጌም ቤት

ሰላም ነው ወገን። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት ነው የምሰራው፣ ቅዳሜ ነፃ ስሆን ግን ሚኒባስ ይዤ ሀረጎን ሽቅብ ወጥቼ ደሴ እገባለሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጌም ብለህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ የምትወጣው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ አዎ ለጌም ብዬ ነው። ኮምቦልቻም ጌም ቤት አለ፣ ቤቴም ኮምፒውተር አለኝ፣ ግን ይሄኛው ቤት ሌላ ቦታ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለው ስለዚ ዛሬ ቁጭ ብዬ በደንብ ልፅፍለት ነው።

ሰው ጌም ቤት ሲያወዳድር ወንበሩ ይመቻል ወይ፣ ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው፣ ኔቱ ይፈጥናል ወይ ነው የሚለው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ልጁ ሊሸነፍ ሲል ከኮምፒውተሩ ጀርባ እጁን ሰዶ ገመዱን ይነቅላል፣ ከዛ ምን ይደረጋል? የጌም ቤት ደረጃ ለኔ እዚህ ጋ ነው የሚለየው። ተጫዋች የሆነ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ 20 ደቂቃ አሳደህ፣ ስንት ነገር አባክነህ፣ አንድ ምት ሲቀረው ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ያንተ ልፋት ሜዳ ላይ ይቀራል፣ እሱ ነገ ዕቃውን እንደያዘ ተመልሶ ይመጣል። ፈረንጆቹ ኮምባት ሎግ ይሉታል፣ እኛ ሰፈር ነቅሎ ሸሸ እንላለን። እኔ ሰው ቢያሸንፈኝ አይከፋኝም ወላሂ፣ ነቅሎ ሲሸሽ ግን ቀኑን ሙሉ ይከነክነኛል።

ቤቱ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ ምድር ቤት ነው። ስሙን አልፅፍም ምክንያቱም ባለቤቱ ጋሼ በስማችን አትፃፍ ብለውኛል፣ ቤቱ ትንሽ ነው ሰው ቢበዛ አንችልም ነው የሚሉት። ልጆቹ ግን "ላፕቶፑ ጋ" ይሉታል፣ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። 8 ኮምፒውተርና 3 ፒኤስ ፎር አለው። ኮምፒውተር በሰዓት 40 ብር፣ ኳስ በጨዋታ 20 ብር፣ የተሸነፈ ይከፍላል እንደማንኛውም ቤት።

መጀመሪያ መጥፎ መጥፎውን ልናገር። ይበርዳል። ደሴ ያው ደሴ ናት፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ምድር ቤቱ እንደ ፍሪጅ ነው የሚሆነው፣ ጣትህ ደንዝዞ ማውስ አይታዘዝህም፣ ክረምት ላይ ጋቢ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ እኔም ከኮምቦልቻ ሙቀት በቲሸርት ሄጄ አንድ ቀን በጣም ተቀጥቻለሁ ስለዚ ጃኬት ያዙ። ሄድሴቶቹ ግማሾቹ ባንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰሩት፣ 6 ቁጥር ኮምፒውተር ስፔስ ባሩ ይጣበቃል፣ መዝለል ስትፈልግ አይዘልልህም ስለዚ 6 ቁጥር ላይ አትቀመጡ። ሽንት ቤቱ ከሕንፃው ጀርባ ነው ቁልፉን ከዘበኛው መለመን አለብህ። ኔቱም እውነቱን ለመናገር መካከለኛ ነው፣ የውጭ ሰርቨር (ጌሙን የሚያስተናግደው ዋና ኮምፒውተር) ላይ ራንክ፣ ማለት ለደረጃ፣ እጫወታለሁ ብለህ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂድ፣ ፒንጉ ይዘላል፣ ማለት የሰርቨሩ መልስ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል።

እና ታድያ ለምን እሄዳለሁ፣ ቤቱ የራሱ ሰርቨር ስላለው። ማይንክራፍት ነው፣ እዛው ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ስምንቱም ኮምፒውተር በስዊች ተያይዞ እርስ በርስ ነው የምንጫወተው። ማይንክራፍት የልጆች ጌም ነው የምትሉ ካላችሁ መጥታችሁ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ እዩ፣ በዳይመንድ ሰይፍ ሲተላለቁ። ሰርቨሩ ደሞ ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ከካውንተሩ በላይ መደርደሪያ ላይ ቻርጀሩ እንደተሰካ ቁጭ ብሏል፣ ቤቱ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ያዘጋጀችው የጋሼ የወንድም ልጅ ናት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የምትማረው፣ ትንንሾቹ እትዬ ነው የሚሏት ገና ልጅ ብትሆንም። እኔ ዕድሜዬ ከሷ ስለሚበልጥ እህቴ እላታለሁ፣ ብዙ ነገር ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ማይንክራፍት እንዳለ ከተተወ ለሚሸሽ ሰው ምንም ቅጣት የለውም። ኦልት ኤፍ ፎር (ጌሙን ባንዴ የሚዘጋው ቁልፍ) ተጭነህ ስትወጣ ኮምፒውተሩ ለሰርቨሩ ሄድኩ ብሎ ይነግረዋል፣ ሰርቨሩም ወዲያው ሰውዬህን ከነዕቃው ከሜዳ ያነሳዋል፣ በቃ ሰይፍህ አየር ይመታል። ገመድ መንቀል ግን እንደዛ አይደለም ለካ። ይሄን ከነገረችኝ በኋላ ስንት ግዜ እንደሳቅን። ገመዱ ሲነቀል ሄድኩ የሚለው መልክት አይደርስም፣ ሰርቨሩ ልጁ ያለ ነው የሚመስለው፣ በየጊዜው አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል መልስ ሲያጣ ነው የሚያስወጣው፣ ያ እስኪሆን እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ሊቆይ ይችላል፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ሰውዬው ሜዳው መሀል እንደ እንጨት ተገትሮ ይቆማል፣ አይከላከል፣ አይሮጥ፣ አንተ እንደፈለክ ትመታዋለህ። ማለት ገመድ የሚነቅለው ልጅ አመለጥኩ ብሎ ወንበሩ ላይ ሲዝናና ሰውነቱ እየተቀጠቀጠ ነው። ኬብል መንቀል ብልጠት የሚመስላቸው ልጆች ይሄን ቢያውቁ ጥሩ ነበር።

ኦልት ኤፍ ፎር ለሚጫኑት ደሞ ፕለጊን፣ ማለት ሰርቨሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ጭናበታለች። ሰው ከመታህ ወይ ከተመታህ ለ15 ሰከንድ ስምህ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ከወጣህ እዛው እንደሞትክ ይቆጠራል ዕቃህ በሙሉ መሬት ይወድቃል። 15ቱን እሷ ናት የወሰነችው፣ መጀመሪያ 30 አድርጋው ነበር ልጆች አለቀሱ፣ 10 አደረገችው ሮጦ ዛፍ ጀርባ ተደብቆ መውጣት ተለመደ፣ 15 ላይ ረጋ። ይሄ ነገር እሷ የፈጠረችው አይደለም፣ ትልልቆቹም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ ከተማ ወይ ማረፊያ ቤት ካልሆንክ ለመውጣት 20 ሰከንድ ትቆጥራለህ፣ ውጊያ ላይ ከሆንክማ ጭራሽ አይፈቅድልህም። ሩንስኬፕ የሚባለው ጌም ላይ ከተመታህ 10 ሰከንድ ካላለፈ ሎግ አውት አያደርግህም። ኢቭ ኦንላይን የሚባለው የአይስላንዶቹ የጠፈር ጌም ነው ከሁሉም የጠና፣ ከሰው ጋር ተዋግተህ ከጠፋህ መርከብህ 15 ደቂቃ ጠፈር ላይ ይቀራል፣ ሰው 15 ደቂቃ ሙሉ ይቀጠቅጥልሃል። ረስት ደሞ ጭራሽ መውጣት የሚባል ነገር የለም፣ ስትዘጋ ሰውነትህ ባለበት ይተኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያድራል፣ ያገኘው ይገድለዋል። ፐብጂ ሞባይልም የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ ኔት ሲቋረጥ ሰውህ ቆሞ ነው የሚጠብቅህ፣ ተመልሰህ ስትገባ ወይ ታገኘዋለህ ወይ ሳጥን ሆኖ ታገኘዋለህ።

ማድረግ ያልቻሉም አሉ። ኤሊት ዴንጀረስ የሚባለው ጌም ተጫዋቾቹን እርስ በርስ በቀጥታ ነው የሚያገናኛቸው፣ መሀል ላይ ሰውነትህን የሚይዝልህ ሰርቨር የለም፣ ያንተ መርከብ ያለው ያንተው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ስለዚ ፕሮግራሙን ገድለህ ስትወጣ መርከቡም አብሮህ ይሄዳል። በሜኑ ለሚወጣ 15 ሰከንድ ቆጠራ አስቀመጡ፣ በግድ መዝጋትን ማጭበርበር ነው አሉ፣ ግን ያው ማስቆሙ ከባድ ነው። ስትሪት ፋይተር 5 በ2016 ሲወጣ ደሞ ለሸሸ ሰው ራሱን የቻለ ቅጣት አልነበረውም፣ ካፕኮም ተጫዋቾቹን ቪዲዮ ቀርፃችሁ ላኩልን ማለት ነበረበት፣ በዛ ላይ ተመስርተው ነው ነጥብ የቀነሱት። እህቴ ይሄን ስትነግረኝ እኔ ያሰብኩት እኛ ቤት ቪዲዮ አያስፈልግም፣ ገመዱን ሲነቅል ጎኑ የተቀመጠው ልጅ ያየዋል ነው።

እስካሁን ያልኩት የትም ያለ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ የሚያስወጣኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

እኛ አገር መብራት ይሄዳል። ኔት ይቆረጣል። እና የዓለም ጌም ሁሉ ሕጉን ያወጣው መብራት ለማይሄድበት ሰው ነው። ዶታ 2 ላይ ከጨዋታ ተቋርጠህ 5 ደቂቃ ካለፈህ ጥሎ ሄደ ተብለህ ትቀጣለህ፣ እነሱ አገር 5 ደቂቃ ራውተር አጥፍቶ ለማብራት በቂ ነው፣ እኛ ጋ በ5 ደቂቃ ሻማውን ፈልገህ አታገኝም። እኔ ራሴ አንድ የሞባይል ጌም ላይ ባንድ ሳምንት ውስጥ ሶስቴ መብራት ሄዶብኝ ለቀናት ታገድኩ፣ ቡድኔ ውስጥ የነበሩት ልጆች ፈሪ ብለው ፃፉልኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ እንደነበር ለማን ነው የምታስረዳው? ደሞ ልክ እኮ ናቸው ከነሱ በኩል ካየኸው፣ ሰርቨሩም የሚያየው መልስ መቋረጡን ብቻ ነው፣ ገመዱን በእጅህ ነቀልከው፣ መብራት ሄደ፣ ከብት ሽቦ ረገጠ፣ ለሱ አንድ ነው። እውነት መብራት የሄደበት ልጅና ፈርቶ የሸሸ ልጅ ባንድ ስም ነው የሚጠሩት። ሸሺውም ይሄን ስለሚያውቅ መብራት ሄደብኝ ይላል። ሁለቱን የሚለይ ነገር አለመኖሩ ለኔ ከመሸነፍ በላይ የሚያናድደኝ ነገር ነው።

በፊት የምሄድበት ሌላ ቤት ነበር፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። እዛ መብራት ሲሄድ ሁሉም ዜሮ ነው፣ እየመራህ ከነበረ ከሰርክ፣ እየተመራህ ከነበረ ተረፍክ። ከዛ ልጆቹ ለመዱት፣ አንዱ ሲሸነፍ ጓደኛው ሄዶ የግድግዳውን ማከፋፈያ በእግሩ ይመታል፣ አራት ኮምፒውተር ይጠፋል፣ አራት ሰው ይጮሃል፣ ባለቤቱ አውቆ ነው አላወቀም ብሎ ሲከራከር ሰዓትህ ያልቃል። ገንዘቡንም ትከፍላለህ። አንድ ቀን እዛው ቤት የአንድ ሰዓት ልፋት እንዲህ ሆኖ ቀረብኝ ከዛ በኋላ አልተመለስኩም።

ላፕቶፑ ጋ የሆነው ግን ይሄ ነው። እህቴ መጀመሪያ ፕለጊኑን ስትጭን አላሰበችበትም ነበር፣ ባመጣችው በሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ፣ ስምንቱም ኮምፒውተር ባንዴ ጠፋ፣ ላፕቶፑ ግን ባትሪ አለው አይደል፣ እሱ አልጠፋም። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም ገብቶ ሲያይ ዕቃው የለም። እየተዋጉ የነበሩትን እንደሸሹ ቆጥሮ ገደላቸው፣ ሌሎቹን ባሉበት እንደቆሙ ዞምቢ በላቸው፣ መሬት የወደቀው ዕቃ ደሞ 5 ደቂቃ ሲሞላው ራሱ ይጠፋል፣ የወር ልፋት የጠፋበት ልጅ ነበር። ጋሼ እንዳወሩኝ ልጁ አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ወንበሩን አስገብቶ ወጣ። እሳቸው ይሄን ሲያወሩ አሁንም ፊታቸው ይቀየራል። በፊት ራዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ፣ ለጌም ግድ የላቸውም፣ ለፍትህ ግን ግድ አላቸው፣ ማታውን ለልጅቷ ያሏት "ሌባውን ትቀጫለሽ ብዬ እንጂ ንፁሁን ደርበሽ ብትቀጪ እኔ ምን ብዬ ነው የሰው ልጅ ፊት የማየው" ነው።

መፍትሔውን ያገኙት ሁለቱ ቁጭ ብለው ነው፣ ሀሳቡ የጋሼ ነው ስራው የሷ። ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሲነቀል ያውቃል አይደል፣ የባትሪው ምልክት ይቀየራል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩም ይቋረጣል። ማለት ላፕቶፑ ኮምፒውተሮቹ ለምን እንደጠፉ ያውቃል! አንድ ልጅ ገመድ ቢነቅል ቻርጀሩ ላይ መብራት እንዳለ ነው፣ ስለዚ ሸሽቷል። ቻርጀሩም ከተቋረጠ ቤቱ በሙሉ መብራት አጥቷል ማለት ነው። ትንሽ ፕሮግራም ፃፈችለት፣ ቻርጀር ሲቋረጥ እዛችው ሰከንድ ላይ ጌሙን ባለበት ቀጥ ያደርገዋል፣ ዞምቢው ክንዱን እንደዘረጋ ይቀራል፣ ቀስቱ አየር ላይ ይቆማል፣ የ15 ሰከንዱ ቆጠራም ይቆማል፣ የወደቀ ዕቃም አይጠፋም። መብራት ሲመጣ ሁሉም ተመልሶ እስኪገባ ትጠብቃለች፣ ሶስት ሁለት አንድ ብላ ትፈታዋለች፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት። ልብ በሉ፣ ይቅርታ አላደረገችም። መብራት ሄዷልና ውጊያው ይሰረዝ ቢባል የድሮው ቤት ነገር ነበር የሚመጣው፣ አንዱ ሄዶ ብሬከሩን ያወርዳል። እዚህም ተሞክሯል፣ አንድ ጎረምሳ ጓደኛው ሁለት ልብ (ጌሙ ላይ ነፍስህ የሚቆጠረው በልብ ነው) ሲቀረው ቆጣሪ ጋ ሄዶ ቤቱን በሙሉ አጨለመው። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ቀስ ብለው ሄደው አበሩት፣ ሁሉም ገባ፣ ልጁ እዛው ቦታ፣ እዛው ሁለት ልብ፣ ሰይፉ እዛው አንገቱ ላይ። ከዛ ወዲያ ብሬከር የነካ የለም፣ ምን ይጠቅማል።

ኳስ ላይ ደሞ ቀለል ያለ ነው፣ ፒኤስ ፎር እንደዛ አይቆምም፣ መብራት ሲሄድ ጨዋታው ጠፋ። ስለዚ ካውንተር ላይ ያለው ልጅ ጎል በገባ ቁጥር ደቂቃና ውጤት ደብተር ላይ ይፅፋል፣ መብራት ሲመጣ የቀረውን ደቂቃ ያህል ተጫውተህ ትደምራለህ። ጥሎ ለወጣ ወይ ለነቀለ 3 ለ 0 ነው፣ ሜዳ ላይም ፊፋ ለተቀጣ ቡድን እንደዛ ነው የሚፈርደው፣ ውጤቱ ከዛ የከፋ ከነበረ የከፋው ይፀናል፣ እዚህም እንደዛው። የተሸነፈ ስለሚከፍል ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ነው በጣም ይጠብቁታል።

ሌላ ቦታ ያላየሁት ደሞ የሰዓቱ ነገር ነው። ኢንተርኔት ቤት የተጫወተ ያውቃል ሰዓትህ ሲያልቅ ስክሪኑ ይቆለፋል። ብልጥ ልጆች ይሄን እንደ መሸሻ ይጠቀሙበታል፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀራቸው ሰው ይተናኮላሉ፣ ካሸነፉ አሸነፉ ካልሆነ ሰዓቴ አለቀ። እዚህ ግን ውጊያ ላይ ከሆንክ አይቆለፍም፣ እስኪያልቅ ድረስ በነፃ ይጨመርልሃል፣ ጋሼ የምትቆጠረዋን ብር ይተዋሉ። በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚከስሩ አላውቅም ግን ሲቆጩ አላየኋቸውም።

ስለ ሰዉም ትንሽ ልበል። ስድብ የለም፣ ማለት አለ ግን ጋሼ ቀና ካሉ ያቆማል። ጁምአ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ረመዳን ላይ ከተራዊህ በኋላ ይከፈትና ቦታ አይገኝም፣ የፆመውም ያልፆመውም ባንድ ወንበር ተደራርቦ ነው የሚያየው። ጎን ካለችው ቤት ሻይና ሳምቡሳ ይመጣል፣ ሻዩ ቅመሙ ደህና ነው። ሴቶች ልጆችም ይመጣሉ፣ እህቴ ስላለች ይመስለኛል፣ እሷ ፈተና ላይ ስትሆን ግን ሰርቨሩ ይበላሻል የሚያስተካክል ሰው የለም፣ ይሄ የቤቱ ትልቁ ድክመት ነው፣ ሁሉ ነገር አንዲት ልጅ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ለካውንተሩ ልጅ እንድታሳየው ነግሬያታለሁ እሺ ብላለች።

አንድ የራሴን ልጨምር። እዛ ቤት በመሸሽ የታወቀ አንድ የሆጤ ሰፈር ልጅ አለ፣ 16 ቢሆነው ነው። ፕለጊኑ ከመምጣቱ በፊት ሁሉንም አቃጥሏል፣ ለምን ትነቅላለህ ሲባል ከመሞት መሰንበት ይላል። ከሁለት ወር በፊት ሜዳው ላይ እኔና እሱ ተገናኘን። ሜዳው ለብቻው የተሰራ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ ይገባበታል። ጥሩ ይጫወታል በጣም፣ ይሄን ያህል የሚችል ልጅ ለምን እንደሚሸሽ ገርሞኝ ነበር፣ ግን አድክሜ አድክሜ ሁለት ልብ አስቀረሁት፣ እኔ አምስት አለኝ። በዛች ሰዓት መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ ሳቁን ሰማሁት። ጠበቅን፣ አልመጣም፣ 12 ሰዓት ሆነ፣ እኔ ወደ ኮምቦልቻ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ መሄድ ነበረብኝ። እህቴ ችግር የለም አለች፣ የናንተን ሜዳ ብቻ ለብቻው ሴቭ አደርገዋለሁ፣ በሳምንቱ ተገናኙና ትጨርሳላችሁ። ልጁ እሺ አለ፣ ከአፉ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት።

ያን ሳምንት በሙሉ ማሽን ላይ ቆሜ የማስበው እሷን ውጊያ ነው። በስተግራ ብገባበት፣ በጋሻ ብጠብቀው፣ ፖም በልቶ ልብ እንዳይሞላ ፋታ ባልሰጠው እያልኩ። ቅዳሜ ስደርስ ይመጣል ብዬ አልጠበኩም ነበር፣ ለምን ይመጣል፣ ሁለት ልብ ይዞ አምስት ልብ ፊት ለመቆም? ቢቀር ማንም አያስገድደውም፣ ቤቱም እኮ ከቤቱ ጎትቶ የሚያመጣበት ፕለጊን የለውም። ገባሁ። 3 ቁጥር ላይ ተቀምጧል፣ ጃኬቱን ለብሶ እጁን በእጁ እያሻሸ፣ ቀድሞኝ ነው የመጣው። አንተ ቆየህ አለኝ። ሀረጎ ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ተዘግቶ ነበር አልኩት።

ቁጭ አልኩ፣ ገባሁ፣ ሁለታችንም በሳምንቱ እዛው ቦታ ቆመናል፣ የሱ ቀስት ከአየር ላይ አልወረደችም። ልጆች ከኋላችን ተሰበሰቡ። እህቴ ሶስት፣ ሁለት፣ አንድ አለች። ቀስቷን መርሳት አልነበረብኝም፣ እሷ መታችኝ፣ ወደ ኋላ ስል ግድግዳው ያዘኝ፣ እሱ እንደ እብድ መጣብኝ። አራት፣ ሶስት፣ አንዴ መታሁት አንድ ልብ ቀረው፣ ሁለት። እጄ ከኪቦርዱ ወርዶ ከጠረጴዛው ስር ገመዱ እግሬን ሲነካኝ ተሰምቶኛል፣ እውነቴን ነው፣ ሰው ለምን እንደሚነቅል ያን ጊዜ ገባኝ። ባንድ ልብ አሸነፈኝ።

የሁለታችንን ሰዓት 80 ብር እኔ ከፈልኩ፣ ሻዩንም። ድጋሚ እንጫወት አለኝ፣ የኔ ሚኒባስ ሊሄድ ነበር፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብዬው ወጣሁ፣ 3 ቁጥርን ከፈለጋችሁ ከ8 ሰዓት በፊት ድረሱ ከዛ በኋላ የሱ ናት።